የገመድ ያዡ ባርኔጣ

የድንበሩ ጦርነት ካበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በተራራው ማለፊያ ላይ የተኛው ጉም ከወትሮው ቀደም ብሎ ተገፈፈ፤ ከማለፊያው አፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ መንገዱ ገደሉን እየታከከ፣ እንደ ተፈታ መቀነት ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ፣ እስከ ታችኛው ከተማ ጣራዎች ድረስ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ባቡር ወደዚያ አገር ገና አልደረሰም፤ የላይኛው አገር እህልና የታችኛው አገር ብረት የሚገናኙት በዚህች ጠባብ የሠረገላ መንገድ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌዎችም «ተራራው ያኮረፈ ዕለት ሁለት አገር ጦሙን ያድራል» ይሉ ነበር።

ከመንገዱ ሁሉ የሚፈራው «አንገት» የሚሉት ቁልቁለት ነው። በስተቀኝ አለት፣ በስተግራ ባዶ፤ ስፋቱ አንድ ሠረገላ ብቻ የሚያሳልፍ፤ ከአናቱ ላይ ግን ከአለቱ ጋር ተያይዞ የተተከለ ወፍራም የእንጨት ምሰሶ ነበር። ሠረገላ ሊወርድ ሲል ከኋላው ገመድ ይታሰርና ገመዱ በምሰሶው ላይ ይጠመጠማል፤ ጫፉን «ገመድ ያዥ» የሚባለው ሰው በሁለት እጁ ጨብጦ ጥቂት በጥቂት ይለቃል፤ ነጂው ደግሞ በእግሩ ከፊት ሆኖ በቅሎዎቹን እየሳበ ይወርዳል። የነጂው ነፍስ በባልንጀራው መዳፍ ውስጥ ናት ማለት ነው። ስለዚህ ነጂዎቹ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ አንገት ውስጥ የገባ ነጂ ወደ ኋላ አያይም። ዞሮ ማየት ገመድ ያዡን «አላምንህም» ብሎ በአደባባይ መስደብ ነበርና፣ አንዴ ዞሮ የተገኘ ነጂ ሁለተኛ ገመድ የሚይዝለት ሰው አያገኝም። ይህ ሞኝነት ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ይበል፤ እነዚያ ሰዎች ግን ያለዚህ ሞኝነት አንድ ጆንያ እህል እንኳ አያወርዱም ነበር።

በዚያ ዘመን ከገመድ ያዦች ሁሉ ስሙ የተጠራው «ብረቱ» የሚሉት ጎልማሳ ነው። ወላጆቹ ተከታትለው ሲሞቱ ገና ድክ ድክ ይል ነበርና፣ አዝላም አጉርሳም ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ ገመድ መያዝ ያስተማረው ደግሞ የእህቱ ባል፣ ቁልቁለት ሲወርድ ሁልጊዜ ስለሚያፏጭ «ፉጨቱ» የተባለው አንጋፋ ነጂ ነበር። ብረቱ እህቱን «እትዬ»፣ ባሏን «ጋሼ» እያለ በቤታቸው አደገ፤ ክንዱ ከጠነከረ ወዲህም ጋሼው ሲወርድ ከላይ የሚይዝለት እርሱ ብቻ ሆነ። የጋሼው ፉጨት ከታች እስከተሰማ ድረስ ሁሉ ደኅና ነው፤ ሌላ ምልክት አልነበራቸውም፣ አላስፈለጋቸውምም።

ሰው ግን ሁሉ ቢሟላለት ምኞት አያጣም። የቀድሞው የማለፊያ ሹም በክረምቱ ታሞ ሞቶ ነበር፤ አዲሱ ገዥ መድፍና የጦር ስንቅ የሚያልፍበትን መንገድ በዓይናቸው ሊያዩ፣ በዚያውም ሹም ሊመርጡ ይመጣሉ የሚለው ወሬ ከተሰማ ጀምሮ ብረቱ መቀመጫ አጣ። ከታችኛው ከተማ ጥቁር የሱፍ ባርኔጣ አስመጣ፤ በጠዋት በጠዋት በውሃ በርሜሉ ላይ እያጎነበሰ መልኩን ያይ ጀመር፤ የሠረገላ ግቢው ነጂዎችም «ሹሙ መጡ!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ገዥው የሚመጡበት ቀን ጠዋት፣ ከሠረገላው ግቢ ጥግ ባለችው ቤት ውስጥ፣ በየግድግዳው ልጓምና ኮርቻ በተንጠለጠለበት፣ እህቲቱ የተቀደደ መጣምር፣ በቅሎ የሚጠመድበትን ጠፍር፣ ስትሰፋ፣ ወንድሟ ባርኔጣውን በክንዱ ሲወለውል አየችና ሳቀች።

«እንዴ! የሚሾሙት አንተን ነው ወይስ ባርኔጣህን?»

«እትዬ ደግሞ! ሰው እኮ መጀመሪያ የሚመዘነው በዓይን ነው።»

«እሱስ ይሁን። ግን ዛሬ መንገዱ በአጃቢ ይሞላል፣ በቅሎዎቹም ይደነብራሉ። የጫናችሁት የወፍጮ ድንጋይ ነው፤ ቢያድር አይሻግት። ነገ ብትወርዱ ምናለበት?»

ፉጨቱ የጫማውን ጠፍር እያሰረ ቀና አለ። «እኔም እሱን ላነሳ ነበር። ነገ ይሻላል።»

ብረቱ ደነገጠ፤ እንደ ልጅነቱም ከጋሼው እግር ሥር ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ አፈር ስሆን! ዛሬ እንውረድ። ገዥው አንገት ላይ ሲደርሱ ሥራ ላይ ሆኜ ቢያዩኝ ነው እንጂ፣ ነገማ ብይዝ ባልይዝ ማን ዞሮ ያየኛል? ዕድሜዬን ሙሉ ገመድ ስጎትት ልኑር?»

ባልና ሚስት ተያዩ። ልጅ አልነበራቸውም፤ እርሱ ሲለምን እምቢ ማለትን አልለመዱም።

«ይሁን እንግዲህ» አለ ፉጨቱ እየሳቀ፤ «ሹም ስትሆን ግን ኬላ ላይ እንዳታስቆመኝ፣ እንጣላለን!»

እህቲቱም ሰፍታ የጨረሰችውን መጣምር ለባሏ አቀበለችውና እስከ በራፉ ሸኘቻቸው።

ፀሐይ ከፍ ስትል ሠረገላው አንገት ውስጥ ገባ። ፉጨቱ የፊተኛይቱን በቅሎ ልጓም ይዞ እያፏጨ ይወርዳል፤ ብረቱ ከላይ፣ እግሩን ከአለቱ ጋር አግጥሞ፣ ገመዱን በምሰሶው ላይ እያሸ ይለቃል፤ ነጂዎችና ጫኚዎች ደግሞ ገዥውን ሊቀበሉ ከምሰሶው አጠገብ ተሰልፈዋል። ጭነቱ ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ሲደርስ የፈረስ ኮቴ ተሰማ፤ ገዥው ከነአጃቢዎቻቸው ከማለፊያው አፍ ብቅ አሉ። ሰልፈኛው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ጎነበሰ።

ገመድ የያዘ ሰው ሰላምታ ባይሰጥ ማንም አይቀየመውም፤ ይህ ከጥንት የታወቀ ነው። ነገር ግን ብረቱ «እኚህ ገዥ አዲስ ናቸው፤ ልማዱን ባያውቁትስ? ይሄ ባርኔጣውን እንኳ የማያወልቅ ባለጌ ማን ነው ቢሉስ?» ብሎ አሰበ። ቀኝ እጁን ከገመዱ አነሳ። ባርኔጣውንም አወለቀ፤ አወላለቁም እንደተለማመደው አማረለት።

ያን ጊዜ አንድ የአጃቢ ፈረስ አሽካካ፤ ከታች በቅሎዎቹ በረገጉ፤ ሠረገላው ወደ ፊት ተወረወረ። ገመዱ የብረቱን ግራ መዳፍ ቆዳ ልጦት አመለጠ፤ በምሰሶው ላይ እየጨሰ ተተረተረ፤ ጫፉም አየር ላይ ተገርፎ ቁልቁል ሄደ።

ከታች አንድ አጭር ፉጨት ተሰማ። «ምነው?» እንደማለት ነበር። ቀጥሎ አንድ ረዥም ፉጨት ተሰማ። በሁለቱ ፉጨቶች መካከል የነበረው ጊዜ፣ አንድ ሰው ዞሮ አይቶ ወደ አለቱ ጥግ ለመዝለል ይበቃው ነበር፤ ፉጨቱ ግን አልዞረም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሚስቱን ወንድም ሊያዋርደው አልፈለገም። ከዚያ በኋላ የተሰማው የእንጨትና የድንጋይ ድምፅ ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ብረቱ ከምሰሶው ሥር፣ ያወረዳት ባርኔጣ በእጁ እንዳለች፣ ድርቅ ብሎ ቆመ። ያየው ሰው አልነበረም፤ ሰልፈኛው ሁሉ አጎንብሶ ነበርና። ገዥውም የደነበረ ፈረሳቸውን እየገቱ ነበር።

«ምንድን ነው የሆነው?» አሉ ገዥው።

«ገመዱ ተበጥሶ ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ ከአጃቢዎቹ አንዱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ገዥው ወደ ብረቱ ዞሩ። ከመዳፉ ደም ይንጠባጠባል። «እንዲያ ነው?»

ብረቱ ራሱን ብቻ ወደ ታች ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ብዙ ውሸት ዋሽቷል፤ ሁሉም ግን የዚህች ንቅናቄ ልጆች ናቸው።

«የእህቱ ባል ነው እኮ» ብሎ አንዱ ጫኚ ሲያለቅስ ገዥው ከፈረሳቸው ወርደው እጃቸውን በብረቱ ትከሻ ላይ አኖሩ።

ዘመድ ነውና ቀድሞ ወደ ገደሉ የወረደው እርሱ ነው። ፉጨቱ ከተሰባበረው ሠረገላ ፊት፣ ልጓሙን እንደጨበጠ፣ ፊቱን ወደ ታችኛው ከተማ አድርጎ ወድቆ ነበር። ከአጠገቡም ገመዱ ተዘርግቷል፤ ከሠረገላው ጭራ እስከ ጫፉ፣ አንድ ክሩ እንኳ ያልሳሳ፣ ደኅና ገመድ። ብረቱ ገመዱን አየ፤ ሬሳውን አየ፤ ቁልቁል የሚመጡትን ሰዎች ድምፅ ሰማ። ከሟቹ ወገብ ላይ ቢላዋውን መዘዘ፤ ገመዱን ከመካከሉ ቆረጠው፤ ረዥሙን ቁራጭ ከገደሉ ሥር ወደሚያልፈው ወንዝ ወረወረ፤ ቢላዋውንም ወደ አፎቱ መለሰ። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» ይል ነበር፤ መቁረጡን ግን አልተወም። በቀረው ቁራጭም ሬሳውን በሠረገላው ሳንቃ ላይ አስሮ፣ ከሌሎቹ ጋር ተሸክሞ ወደ እህቱ ቤት አመጣው። እህቲቱ ማንንም አላስነካችም፤ ባሏን ራሷ ፈታችው፣ ራሷም አጠበችው።

ገዥው በዚያው ሳምንት ፈረዱ፤ ከእንግዲህ በአንገት ላይ በገመድ ፈንታ ሰንሰለት እንዲሆን፣ ገመድ ገማጁም ለማለፊያው ምንም ነገር እንዳይሠራ። ገማጁ ዕድሜውን ሁሉ ለተራራው ነጂዎች ገመድ ሲገምድ የኖረ፣ ጣቶቹ የቆረፈዱ ሽማግሌ ነበር። ፍርዱን ሲሰማ አልተከራከረም። የሱቁን መዝጊያ ዘጋና ቀጥ ብሎ ወደ ሐዘኑ ቤት መጣ፤ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ከመካከል ገብቶ በጉልበቱ ወደቀ።

«ልጄ» አላት እህቲቱን፤ «ባልሽን የገደለው ይሄ እጄ ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ የላላ ክር ሳላየው አልፌ ይሆናል። ቀንም ሌትም አስባለሁ፣ የትኛው ክር እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። የመጣሁት ብትረግሚኝም ልሰማው ነው።»

እህቲቱ ሽማግሌውን አላየችም፤ ወንድሟን ነበር የምታየው፣ ረዥም ጊዜ።

«አባባ፣ ይነሱ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ።» ቀጥላም ወንድሟን «አንተስ?» አለችው። «ገመዱን የያዝከው አንተ ነህ። ምን ትላቸዋለህ?»

ብረቱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አፉን ከፈተ፤ ከከንፈሩ ላይ የደረሰ ነገርም ነበር፤ ዓይኑ ግን ለለቅሶ ተልከው በር ላይ ከተቀመጡት የገዥው መልእክተኛ ላይ አረፈ።

«ይቅር… ይቅር ብያለሁ» አለ።

ሽማግሌው እየተንፏቀቀ መጥቶ ጉልበቱን ሳመው። እህቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለቀስተኛው ሲበተን አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ጋሼህ ወደ ኋላ ዞሮ ነበር?»

«አልዞረም።»

«አዎ» አለች፤ «እሱ አይዞርም።»

ከሐዘኑ በኋላ ሹመቱ መጣለት። ሹም ሆኖ በማለፊያው ላይ ሸበተ፤ እውነቱን ለመናገር ክፉ ሹም አልነበረም፤ መንገዱን አስጠረገ፣ የገደሉን ዳር በድንጋይ አስከበበ፣ ድኃ ነጂ ኬላ ላይ አላስቆመም። ባርኔጣ ግን ዳግመኛ በራሱ ላይ አላደረገም። በዝናብም በፀሐይም ራሱን ገልጦ ይሄድ ነበር፤ አገሩም ይህን አይቶ «ሐዘኑ አልወጣለትም»፣ «ትሕትናው ነው» እያለ አከበረው፤ ባከበሩት ቁጥር አንገቱ ወደ ትከሻው ይገባ ነበር። ገማጁን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሽማግሌው በተዘጋው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ጣቶቹ ሥራ አልተዉ ብለው፣ ሣር እየነጨ ይገምድ ነበር። ብረቱ በየክረምቱ በሰው እጅ ማገዶ ይልክለታል፤ ሽማግሌውም «የበደልኩት ሰው ይጦረኛል፤ እግዜር ይስጠው» እያለ ይመርቀዋል። እንዲህ እየመረቀ ሞተ። ለቀብሩ የሄደው ሰው ጥቂት ነበር፤ ብረቱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ዋለ።

ዓመታት አለፉ። ባቡሩ ተራራውን ዞሮ ታችኛው ከተማ ገባ፤ ሠረገላ የሚጭን ጠፋ፤ የግቢው ሰውም፣ እህትና ወንድም ሳይቀሩ፣ ወደ ታችኛው ከተማ ወረደ፤ በአንገት ላይ ሣር በቀለ። ያን ጊዜ የአገሩ ሹማምንት፣ ሰው ነገሩን ካልፈለገው በኋላ ማክበር ይወዳልና፣ በምሰሶው አጠገብ የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲቆም፣ የድንጋዩንም መሸፈኛ ሸማ የቀድሞው ሹም ብረቱ እንዲገልጥ ወሰኑ። በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን ቃል አምጥተው አነበቡለት፤ «በዚህ ስፍራ ደካማ ገመድ ተበጥሶ ሕይወቱን ላጣ ጀግና ነጂ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን እንደ መርፌ ይወጋ ነበር፤ ዛሬም አሮጌ ከረጢት ትጥፋለች።

«እትዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። «ገመዱ አልተበጠሰም። እኔ ነኝ የለቀቅኩት። ገዥው ሲመጡ ባርኔጣዬን ላወልቅ ብዬ። ከዚያም ገደል ወርጄ… ቆረጥኩት።»

መርፌዋን ከረጢቱ ላይ ሰክታ አኖረችው። «በራሱ ቢላዋ» አለች።

ብረቱ ተቀመጠ።

«ባሌን የፈታሁት እኔ ነኝ እኮ። የተበጠሰ ገመድ ጫፉ ይንጨባረራል፤ ያ ግን እንደ ሽንኩርት የተቆረጠ ነበር፤ ክሩም በባሌ ቢላዋ ስለት ላይ ተጣብቆ ነበር። የነጂ ሚስት ይሄን አታውቅም ብለህ ነው?»

«ታዲያ… ይሄን ሁሉ ዓመት… ለምን ዝም አልሽ?»

«ባሌን ቀብሬ ወንድሜን ላሳስር? ያዘልኩትን ልጅ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ደግሞ ዝም አላልኩም። ሽማግሌው ሲንበረከኩ በሰው ሁሉ ፊት ጠየቅኩህ፤ ምን ትላቸዋለህ አልኩህ። በሩን እኔ ነበርኩ የከፈትኩልህ። አንተ ግን ይቅር ብያለሁ አልክ! ባሌንስ ሳታስበው ነው የገደልከው፤ ለእሱ ያን ዕለት ይቅር ብዬሃለሁ። ሽማግሌውን ግን እያወቅክ ነው የገደልካቸው፣ በየክረምቱ። እሱን እኔ ይቅር ልልህ አልችልም፤ የእኔ አይደለም።» መርፌዋንም ከከረጢቱ ላይ ነቀለችና «የእኔም ኃጢአት ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔም ማገዶውን ሲቀበሉ አይ ነበር።»

ድንጋዩ የሚገለጥበት ቀን ደረሰ። ሕዝቡ ከሁለቱም አገር ወጣ፤ ሙዚቀኛ ነፋ፤ ባርኔጣ ሁሉ ወለቀ። ብረቱ ሸማውን ከገለጠ በኋላ ዞረና፣ ራሱ እንደተገለጠ ተናገረ። «ይሄ ድንጋይ ውሸት ነው። ገመዱ ደኅና ነበር። የለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ሹመት አምሮኝ። ገማጁ ንጹሕ ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዲት ሴት አለቀሰች፤ «አዬ፣ ዛሬም ራሱን ይወቅሳል!» አለ ሌላው። የበዓሉ አዛዥ ወደ ጆሮው ተጠግቶ በአክብሮት «አባታችን፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርዎት» አለው።

«ሐዘን አይደለም!» የሚል ድምፅ ከሕዝቡ መካከል ተሰማ፤ እህቲቱ ነበረች። «እውነቱን ነው። የቆረጠውን ገመድ በእጄ ይዤ አይቻለሁ።»

አዛዡ አሮጊቷን አየ፣ ብረቱን አየ፣ ድንጋዩን አየ። «እናቴ፣ ቢሆንስ?» አለ ተጨንቆ። «ድንጋዩ እኮ ተቀርጾ አልቋል።» ለሙዚቀኛውም በእጁ ምልክት ሰጠ።

ያ ድንጋይ ዛሬም አለ። የማለፊያውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ከእርሱ እየገለበጡ፣ ጀግናውን ነጂ፣ ደካማውን ገመድ፣ ለሐዘኑ ሲል ባርኔጣ ያላደረገውን ደግ ሹም አንድ በአንድ መዝግበዋል፤ የገማጁን ስም ያነሳ ቢኖር ለወቀሳ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንዳንዱ ግን ሲነጋ የሚያየው ሰው አይኖርም። ያን ዕለት ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ሁለቱ አዛውንት በሣር በተዋጠው አንገት ቁልቁል ወደ ቤታቸው መውረዳቸውን ማንም አልጻፈም፤ እህት ከፊት፣ ወንድም ከኋላ ሆነው ወረዱ። የነጂው ሚስት በየመታጠፊያው ቆም ትልና ወደ ኋላ ዞራ ታየው ነበር።